ማንም ያልነካት «ጋ»

ልጆቼ፣

የድልድይ መሐንዲስ ነኝ። 58 ዓመቴ ነው። በቀደም አንድ የ26 ዓመት ባልደረባዬ ክራር መማር አምሮት «አሁንማ ረፈደብኝ» ሲለኝ ሆዴ ባባ። ይህን የምጽፈው ለእሱም፣ እንደ እሱ ለምታስቡትም ነው።

በ47 ዓመቴ ለሦስተኛ ዲግሪ ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ሄድኩ። ፑኔ ውስጥ በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ሰዋይ ጋንዳርቫ የሚባል ትልቅ የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። እውቁ ድምፃዊ ቢምሰን ጆሺ እ.ኤ.አ. በ1953 ለመምህራቸው መታሰቢያ የጀመሩት ነው። እኚህ ሰው መምህር ፍለጋ ከቤታቸው ሲጠፉ ገና 11 ዓመታቸው ነበር።

እዚያ አንድ ምሽት አንዲት ድምፃዊት ዝግ ብላ ስትጀምር ክው አልኩ። ትዝታ! አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ጓደኛዬ «ራጋ ቡፓሊ ነው» አለኝ። ራጋ እንደ እኛ ቅኝት ያለ የህንዶች የዜማ ሥርዓት ነው። ለካስ አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፤ ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ፓ፣ ዳ። በእኛ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የምንላቸው።

ብዙም ሳልቆይ መምህር አገኘሁ። ቤታቸው የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ይነካሉ። የአያቱን ጉልበት ስሞ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩና «ጉሩጂ (መምህሬ ማለት ነው)፣ ቡፓሊን ያስተምሩኝ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ታንፑራ አስታቀፉኝ።

ታንፑራ ባለ 4 አውታር ረጅም መሣሪያ ነው። ዜማ አይጫወትም። አውታሮቹን ተራ በተራ መንካት ብቻ ነው፤ ድምፃዊው በዚያ ላይ ተደግፎ ይዘፍናል። አውታሩና የተደገፈበት ብርኩማ በሚገናኙበት ቦታ ቀጭን የጥጥ ክር ይገባል። ክሩን ለአመል ያህል ስታንሸራትቱት አውታሩ እንደ ንብ እዝዝ ይላል። ይህን ድምፅ ጂቫሪ ይሉታል፤ ጂቫ ማለት ሕይወት ነው። በገና የምታውቁ እንዝራውን አስቡ። ያቺ ቁራጭ ቆዳ የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው። ይህን ባየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ «ሳ» በል ተባልኩ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ሳ ብቻ።

ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ ጫንኩ። ልክ ስሆን አረንጓዴ ያበራል። ቤቴ ተለማምጄ፣ አረንጓዴውን አረጋግጬ ሄድኩ። ጉሩጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ልክ ነህ፤ ግን ብቻህን ነህ» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድምፃችሁ ከታንፑራው ጋር በደንብ ሲገጥም የራሳችሁ ድምፅ ይጠፋባችኋል። ውስጡ ይሟሟል። ይህን አፑ አያውቀውም።

ከዩቲዩብ መማርን አልነቅፍም፤ እኔም ብዙ ሰምቼበታለሁ። ግን እናንተ ቪዲዮውን ትሰሙታላችሁ እንጂ እሱ አይሰማችሁም። ቄስ ትምህርት ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያሸለቡ ይመስላሉ። አንዲት ፊደል ስትስቱ ግን እዚያው ሆነው ይመልሷችኋል። ጉሩጂም እንደዚያ ናቸው።

ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋ አለ። ድምፆቹ ያው የቡፓሊ አምስቱ ናቸው። ቡፓሊ ግን የምሽት ነው፤ ጋ ላይ ይከብዳል። ዴሽካር የጠዋት ነው፤ ዳ ላይ ይደገፋል። የድምፆቹን ስም ብቻ ወረቀት ላይ ብትደረድሩ ልዩነቱ አይታይም። ከመምህር አፍ ነው የሚወሰደው።

አልዋሻችሁም፣ ዘግይቶ መጀመር ዋጋ ያስከፍላል። ትንፋሼ አጭር ነው። እኔ በወር የያዝኩትን አንዲት የ9 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ትይዘው ነበር። መድረክ ላይ አልወጣሁም፣ አልወጣምም። ቢሆንም ጠዋት ከሥራ በፊት የምለማመድባትን ግማሽ ሰዓት በምንም አልለውጣትም። እናንተም መምህር ቤት ስትገቡ «በስንት ወር እጨርሳለሁ?» አትበሉ። ክፍያችሁን ሳትጠየቁ አድርሱ። ድገሙ ስትባሉ ድገሙ።

ጉሩጂ በየቀኑ ታንፑራውን ያስነኩኝና «ምን ትሰማለህ?» ይሉኛል። «ሳ እና ፓ» እላለሁ። አውታሮቹ የተቃኙት በሁለቱ ብቻ ነው። ዝም ይላሉ።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ መንገዱ ገና ጭር እንዳለ፣ ወፍራሙን አውታር ስነካ ከበላዩ ሌላ ቀጭን ድምፅ ብቅ አለ። ማንም አልነካውም። ለእሱ የተቃኘ አውታርም የለም። አውታር ሲርገበገብ ለአምስት ተከፍሎም ይርገበገባል፤ ያ ቀጭን ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁም። በጆሮዬ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጋ» አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ጉሩጂ ዓይናቸውን ገለጡ። «በል፣ ቡፓሊን እንጀምር» አሉኝ።