ሁለቱ የአስም ፓፎች

ጥያቄ፦ ለአስሜ ሳልቡታሞልና ቤክሎሜታሶን የተባሉ ሁለት ፓፎች ታዘውልኛል። ወዲያው የሚያሽለኝ ሳልቡታሞሉ ስለሆነ ሌላውን ትቼዋለሁ፤ ጉዳት አለው?

መልስ፦ አዎን፣ አለው። ሳልቡታሞል በአየር ቧንቧዎ ዙሪያ የተኮማተሩትን ጡንቻዎች በደቂቃዎች ውስጥ ቢያላላም፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ የሚቆይና የቧንቧውን የውስጥ መቆጣት የማያድን ማስታገሻ ነው። መቆጣቱን የሚያበርደው ቤክሎሜታሶን ሲሆን፣ ውጤቱ የሚታየው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ብዙዎች «አይሠራም» ብለው ይተዉታል፤ እርስዎ ግን ደህና በሆኑባቸው ቀናትም ሳይቀር ሐኪምዎ ባዘዘው መጠን በየዕለቱ ይውሰዱት። ከወሰዱ በኋላ አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለበለዚያ ምላስዎ ላይ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል። ሳልቡታሞሉ በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ካስፈለገዎት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ወስደውት ካላሻልዎት ወይም ትንፋሽ አጥሮዎት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ግን ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።