ሐይቁ በረዶ ሳይሠራ፦ ስለ ያገለገሉ ጄት ጀልባዎች የአንባቢያን ጥያቄ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የትንንሽ ጄት ጀልባ ባለቤቶች የላኳቸው ናቸው። ጄት ጀልባ ከውጭ የሚታይ ፕሮፔለር የለውም። ከሆዱ ሥር ባለው ወንፊት የሐይቁን ውሃ ይስባል፣ ፖምፓው ውስጥ የሚሽከረከረው ኢምፔለር ውሃውን ይገፋዋል፣ ከኋላ ባለው አፈሙዝም ይተፋዋል። ከዚሁ ውሃ ጥቂቱ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ተመልሶ ያቀዘቅዛል። ብርዱ ሲገባ ጣጣ የሚያመጣው ይኸው ጥቂት ውሃ ነው፤ ውሃ በረዶ ሲሠራ በይዘቱ 9 ከመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቦታ ካጣ የሞተሩን ዋና አካል፣ ሞኖብሎኮውንም፣ ይሰነጥቃል። ከታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው የሐይቁ ውሃ በየጀልባው ውስጥ የት የት እንደሚቀር ከማወቅ ይነሳሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጁላይ ላይ የ2008 ሲ-ዱ ስፒድስተር 150፣ ባለ 215 የፈረስ ጉልበት፣ ከግለሰብ ገዛሁ። ሻጩ «ሞተሩ እንደ መኪና የራሱ አንቲፍሪዝ ስላለው ለብርዱ ምንም ማድረግ አይጠበቅብህም» ብሎኛል። ጀልባው የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው ውጭ ነው። ልመነው? — አንባቢ፣ ብሩክሊን ፓርክ፣ ሚኒሶታ

መልስ፦ ግማሹን ይመኑት። የእርስዎ ሮታክስ 4-ቴክ (1,494 ሲሲ፣ 3 ሲሊንደር) ሞኖብሎኮውና ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) የሚቀዘቅዙት ተዘግቶ በሚዞር አንቲፍሪዝ ነው። ጭስ ማውጫው ግን የሚቀዘቅዘው በሐይቅ ውሃ ነው። ሱፐርቻርጀር (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ስለሆነ የአየር ማቀዝቀዣው ማለትም ኢንተርኩለሩም እንዲሁ። ሻጩ ያልነገረዎት ይህን ነው። የሚኒሶታ ብርድ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አጥብቆ ሲወርድ የሚሰነጠቀው የጭስ ማውጫው ክፍልና ኢንተርኩለሩ ነው፤ ስንጥቁ የሚታወቀው ደግሞ ሜይ ላይ ጀልባው ውሃ ሲገባ ነው።

መጀመሪያ የተዘጋውን አንቲፍሪዝ ይለኩ። የጎማ ጭንቅላት ያለው መለኪያ ከመኪና ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር ይገኛል። እኩል በእኩል የተቀላቀለ አንቲፍሪዝ እስከ -37 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አይረጋም። የቀድሞው ባለቤት ጎድሎ ሲያገኘው ዝም ብሎ የቧንቧ ውሃ ሞልቶበት ሊሆን ይችላል፤ ባገለገለ ጀልባ ላይ ይህ የተለመደ ነው። መለኪያው ከ-30 በላይ ካሳየ ሙሉ በሙሉ ይለውጡት፣ ለአሉሚኒየም ሞተር የተሠራውንም ይምረጡ።

ቀጥሎ ክፍቱ፣ የሐይቁ ውሃ የሚያልፍበት መስመር ነው። ጀልባው ተሳቢው ላይ ሆኖ ከኋላ ባለው የማጠቢያ መግቢያ ላይ የውሃ ጎማ ያስሩ። እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ቅደም ተከተል አለ፦ ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ ውሃው ይከፈታል፤ ሲያበቃ ውሃው ይዘጋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ለምን እንደሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ላይ አለ። ጀልባው ከውሃ ውጭ ሆኖ ከ2 ደቂቃ በላይ አያስኬዱት፤ ዘንጉ በጀልባው ግድግዳ የሚያልፍበት የካርቦን ቀለበት የሚቀዘቅዘው ሐይቅ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሥራው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሠራም፤ ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ከመነሳቱም በፊት ብሎወሩን (የሆዱን አየር የሚያስወጣውን ማራገቢያ) 4 ደቂቃ ያሠሩት፤ ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመ የቤንዚን ትነት አለ።

ከታጠበ በኋላ መስመሩ ውስጥ የሚቀረውን ውሃ ማውጣት አለብዎት። ሁለት መንገድ አለ። በኮምፕሬሰር ንፉት፤ ግፊቱ ከ55 ፒኤስአይ አይብለጥ፣ ከኋላ ውሃ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ድረስ ይቆይ። ወይም ሮዙን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሆነውን የካምፕ መኪና አንቲፍሪዝ፣ 2 ጋሎን ያህል በባልዲ አድርገው በትንሽ ፖምፓ ይመግቡት፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ከኋላ የሚወጣው ውሃ ቀለሙ ደብዛዛ ሳይሆን ጥርት ያለ ሮዝ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ደብዛዛ ከሆነ ገና ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነው። እኛ የምንመርጠው ሁለቱንም ነው፣ መጀመሪያ አየር ከዚያ ሮዙን፤ አንድ ጋሎኑ ከጥቂት ዶላር አያልፍም። የኢንተርኩለሩን ጎማዎች ለብቻ ፋሸታቸውን ፈትተው ይንፉ፤ ዝቅ ብሎ የሚታጠፈው ጎማ ውስጥ ውሃ ይተኛል።

የሞተር ዘይት የሚለወጠው አሁን ነው፣ በጸደይ አይደለም። ያገለገለ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድና እርጥበት ስድስት ወር ሙሉ ኩሽኔታውን እየበላ መቀመጥ የለበትም። ሞተሩን አሙቁትና በዘይት መለኪያው ቱቦ በኩል በእጅ ፖምፓ ይምጠጡት። ሞተሩ በጠቅላላው 4.5 ሊትር ይይዛል፣ ፊልትሮውን ለውጠውም የሚወጣው 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ 4.5 ሊትር ከሞሉበት ከመጠን በላይ ሞላ ማለት ነው። መጠኑን ሲለኩ ሞተሩ የሞቀ፣ ጀልባው የተስተካከለ፣ ከጠፋም 30 ሴኮንድ ያለፈው ይሁን።

ጀልባውን የሸጠልዎትን ሰው አንድ ነገር ይጠይቁልን፦ ሱፐርቻርጀሩ መቼ ተፈትቶ ታደሰ? በእነዚያ ዓመታት ብዙዎቹ ሱፐርቻርጀሮች ውስጥ የሴራሚክ ዋሸር ነበራቸው። እየተሰነጠቀ ስብርባሪው በዘይቱ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ስለዚህ በ100 ሰዓት ወይም በ2 ዓመት እንዲታደስ ይመከር ነበር። ማስረጃ ካላገኙ፣ በጸደይ ውሃ ከመግባቱ በፊት አስፈትተው በብረት ዋሸር ያስቀይሩ። ውስጡ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ስላለው ደግሞ ለሱ የተፈቀደውን ዘይት ብቻ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ባለ 2 ሞተር ያማሃ አለኝ፣ ባለ 1,052 ሲሲ ናቸው። ቅዳሜ ለማጠብ ውሃውን ከፍቼ ጎማውን ካሰርኩ በኋላ ቁልፍ አዞርኩ። አንደኛው ሞተር «ጧ» ብሎ ቆመ፣ አሁን ጨርሶ አይዞርም። ባትሪ ነው? — አንባቢ፣ ሴንት ፖል

መልስ፦ ባትሪ አይደለም፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ነው። እባክዎ ሁለተኛ ቁልፍ አያዙሩ። ሞተሩ ሳይሠራ ውሃ ሲከፈት፣ ውሃውን የሚገፋው የጭስ ግፊት የለም። ጭስ ማውጫው ይሞላል፣ ከዚያ በተከፈተው ቫልቭ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ፒስተን አየርን ይጨምቃል እንጂ ውሃን መጨመቅ አይችልም፤ በኃይል ሲገፋ የሚታጠፈው ቢየላው፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ነው።

ውሃውን ይዝጉ፣ ጎማውን ይፍቱ። የዚያን ሞተር 4 ካንዴላዎች በሙሉ ይንቀሉ፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳይኖር ኮይሎቹን፣ ቤንዚን እንዳይረጭም የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ያላቅቁ። ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ ጣል አድርገው ከላያቸው ዘወር ይበሉ፣ ከዚያ ለ2 ወይም ለ3 ሴኮንድ ያዙሩ። ውሃው ፍንጥቅ ብሎ ይወጣል። እስኪደርቅ ይደጋግሙ፣ በየመሐሉ ማስነሻው ይረፍ።

አሁን የዘይት መለኪያውን አውጥተው በነጭ ሶፍት ላይ ይጥረጉት። ማር የመሰለ ወይም ጥቁር ከሆነ ተርፈዋል። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃው ዘይቱ ጋ ደርሷል፦ ይምጠጡት፣ አዲስ ርካሽ ዘይትና ፊልትሮ ያድርጉበት፣ ሞተሩን (በትክክለኛው ቅደም ተከተል!) ለአጭር ጊዜ ያሠሩት፣ እንደገና ይለውጡት። ሁልጊዜ ታች የሚቀር ዘይት ስላለ አንድ ለውጥ አይበቃም፤ 3 ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ይህ ሁሉ ዛሬውኑ መሆን አለበት፤ ውሃ የነካው ሲሊንደር በጥቂት ቀናት ዝገት ያወጣል። ዛሬ ካልቻሉ ቢያንስ በየካንዴላው ቀዳዳ ፎጊንግ ኦይል (ዝገት የሚከላከል የሚረጭ ዘይት) ረጭተው አንዴ ያዙሩት።

በመጨረሻ የ4ቱን ሲሊንደር የግፊት መጠን ይለኩ። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 ከመቶ በላይ ከወረደ ቢየላ ታጥፎ ሊሆን ስለሚችል ወደ መካኒክ ይውሰዱት።

ስለ ብርዱም እናንሳ። ያማሃዎ ከሲ-ዱው ይለያል፦ የሐይቁ ውሃ ራሱ በሞኖብሎኮው ውስጥ ያልፋል፣ የተዘጋ አንቲፍሪዝ የለም። ስለዚህ የሮዙ አንቲፍሪዝ ሥራ ለእርስዎ ጭስ ማውጫን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ማዳን ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር ለየብቻ ያድርጉት። አንዱን ጨርሶ ሌላውን መርሳት ያጋጥማል፤ ያለቀው ሞተር መሸፈኛ ላይ ወረቀት ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ዙሩ ይወጣል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ፍሪሲዮኑ የተበላ መኪና ይመስላል። — አንባቢ፣ በርንስቪል

መልስ፦ ጀልባዎ ፍሪሲዮን የለውም፤ ኢምፔለሩ ውሃ ሳይሆን አየር እየቀላቀለ እየመታ ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ የደህንነት ገመዱን ነቅለው፣ ከሥር ያለውን ወንፊት ይዩ። የሚኒሶታ ሐይቆች ሳር፣ የጀልባ ገመድ፣ የፕላስቲክ ከረጢት እዚያ ይጠመጠማል። ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ከውጭ ላይታይ ስለሚችል በባትሪ መብራት ይመልከቱ።

ንጹህ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ዌር ሪንጉ ነው፤ ኢምፔለሩ በውስጡ የሚዞርበት ቀለበት ማለት ነው። በሲ-ዱ ፕላስቲክ ስለሆነ አሸዋና ጠጠር ይበላዋል። በአፈሙዙ በኩል መብራት ይዘው ያስገቡ፦ ጤነኛ ቀለበት ልስልስ ነው፤ የተበላው ላይ ኢምፔለሩ የሚያልፍበት ዙሪያውን እንደ ተቆፈረ ቦይ ሆኖ በጥፍር ይሰማል። በኢምፔለሩ ጫፍና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ በቅጠል መለኪያ (በስስ የብረት ቅጠሎች ክፍተት በሚለካው መሣሪያ) ሲለኩ አዲሱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። 1 ሚሊሜትር ከደረሰ ውሃው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ይለውጡት። ኢምፔለሩ ጫፉ ላይ ትንሽ የተቀነጠሰ ከሆነ በወፍራም ሞረድ ሊስተካከል ይችላል፤ የታጠፈ ከሆነ ለባለሙያ ይተው።

ሁለቱም ደህና ሆነው ችግሩ ካለ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ አየር ይፈልጉ። የካርቦን ቀለበቱን የሚገፋው የጎማ ቤሎው (እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጎማ) ደክሞ እንደሆነ ዘንጉ ዳር አየር ይሰባል፣ ቆሞ ሲቀመጥ ደግሞ ውሃ ወደ ሆዱ ይገባል። ጀልባው ከዕለት ወደ ዕለት በሆዱ ውሃ ካጠራቀመ ሁለቱ ምልክቶች አንድ ምክንያት አላቸው።

ጥያቄ፦ ለብርዱ ጊዜ ባትሪና ቤንዚንስ? — ከዚያው አንባቢ

መልስ፦ ባትሪውን ቻርጅ አድርገው ያውጡት። ሙሉ ባትሪ ከ12.6 ቮልት በላይ ያሳያል፣ በሚኒሶታም ብርድ አይረጋም፤ ባዶው ግን -7 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይረጋል። በየወሩ አንዴ ይሙሉት።

ቤንዚኑን ኤታኖል የሌለበት ያድርጉት፤ በሚኒሶታ ለጀልባ ተብሎ የሚሸጥ አለ። ኤታኖል ያለበት ውሃ ስቦ ታንኩ ሥር ይለያያል። ታንኩን 95 ከመቶ ድረስ ይሙሉ፣ ማቆያ ፈሳሹን በጠርሙሱ ልክ ይጨምሩ (ብዙውን ጊዜ ለ2.5 ጋሎን 1 አውንስ)፣ ከዚያም ከላይ ያለውን የማጠብ ሥራ ይጀምሩ፤ ሞተሩ ካልሠራ ፈሳሹ ኢንጀክተሮቹ ጋ አይደርስም።

ከሥር ያለውን ቡሽ ይንቀሉ፣ አፍንጫውን ከፍ አድርገው ያቁሙት። የሚኒሶታ ሕግም ጀልባ በመንገድ ሲጎተት ቡሹ ተነቅሎ እንዲሄድ ያዛል፣ ዜብራ መስል የምትባለዋ ባለ ሁለት ዛጎል ትንሽ የውሃ ፍጥረት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳትተላለፍ። የተነቀለውን ቡሽ የቁልፉ ቀለበት ላይ ያስሩት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጄት ጀልባ ባሕር ዳር ላሉ ቤተሰቦች መላክ አስቤያለሁ። ምክራችሁ? — አንባቢ፣ ዴንቨር

መልስ፦ ጣና ላይ በረዶ ስለማይኖር የአንቲፍሪዙ ሥራ ይቀራል። የሚያሰጋን እምቦጩ ነው። ሥሩ ፀጉር የመሰለ ረጅም ስለሆነ ጄት ፖምፓ ወንፊቱን ወዲያው ይዘጋበታል። ተሳፋሪ ጭኖ መሐል ሐይቅ ላይ ደግሞ ጀልባውን ገልብጦ ማጽዳት አይቻልም። ከፍታውም ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ፕሮፔለሩን ከውሃ ከፍ አድርገው በእጅ የሚያጸዱት የውጭ ሞተር ያለው ጀልባ እዚያ ይሻላል። ጄት ጀልባውን የግድ ከላኩ፣ 2 ትርፍ ዌር ሪንግ፣ አንድ የካርቦን ቀለበት ከነቤሎው፣ አንድ የኢምፔለር መፍቻ ቁልፍና ለሁለት ዓመት የሚበቃ የዘይት ፊልትሮ አብረው ይጫኑ።