9ኛ ክፍል ሁለቴ የተማረ ሯጭ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ 10ኛ ክፍል ነው። 1600 ሜትር በ4 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ሮጧል። ኮቹ «ዲቪዥን ዋን ይገባል» ብሎሻል፤ ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ምድብ ማለቱ ነው። ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) 3.1 ስለሆነ ትምህርቱ አያሳስብሽም፤ የቸገረሽ ለኮሌጅ ኮቾች ኢሜይል መቼ እንደሚጻፍ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እንደ ዋዛ ያለፍሽው መስመር ነው፤ «አዲስ አበባ 9ኛን ጨርሶ ነው የመጣው፣ እንግሊዝኛው ይጠንክርለት ብለው እዚህ አሜሪካ እንደገና 9ኛ አስገቡት»።

ኢሜይሉ ይቆይ። መጀመሪያ ይሄ ይጣራ።

ኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር) ለዲቪዥን ዋን የሃይስኩል ዓመታትን መቁጠር የሚጀምረው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ 9ኛ ክፍል ከገባበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባም ይሁን ሜሪላንድ ለውጥ የለውም። ከዚያ ወዲያ ያለው 4 ዓመት፣ ማለትም 8 ሴሚስተር ነው። በእነሱ አቆጣጠር ልጅሽ ዘንድሮ 11ኛ ነው። እዚህ 12ኛ የሚማርበት ዓመት አምስተኛው ስለሚሆን፣ ያኔ የሚወስደው ትምህርት ለዲቪዥን ዋን አይቆጠርለትም። ኮቹ ይህን ላያውቅ ይችላል። እሱ የሚያየው ሰዓቱን ነው።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ (ካውንስለሩ) ጋር ቀጠሮ ያዢ። የአዲስ አበባው የ9ኛ ክፍል ውጤት ተገምግሞ ክሬዲት እንዲሰጠው፣ ከተቻለም ክፍሉ እንዲስተካከልና በጊዜው እንዲመረቅ ጠይቂ። ሒሳቡም ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ለካ ሥራ ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ይህ ካልሆነ፣ ልጁን የሚፈልገው ኮሌጅ ራሱ ለኤንሲኤኤ የልዩ ፈቃድ ጥያቄ ማስገባት ይችላል። በዚያ ላይ ተማምኖ መተኛት ግን አይቻልም።

አሁን የኔን ልጅ ላውራልሽ። እሱ 8ኛን ጨርሶ ስለመጣ በዓመቱ በኩል አልተነካም። የነካን ሌላ ነው። 11ኛን ሲጨርስ አንድ የዲቪዥን ዋን ኮች ደወለለት። ቤቱ ሰርግ ሆነ። ኮቹ ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ በኩራት ላክን፤ 3.2 ነበረው። በሳምንቱ «ኮር ኮርሶቹን ቆጥራችኋል?» የሚል መልስ መጣ። ኮር የሚባል፣ ኤንሲኤኤ ብቻውን ነጥሎ የሚቆጥረው የትምህርት ዓይነት መኖሩን ያኔ ሰማሁ።

ማታ ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ትራንስክሪፕቱን ዘረጋን። ባንድ በኩል ደግሞ የትምህርት ቤቱን የኤንሲኤኤ ዝርዝር በስልኬ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ሃይስኩል የራሱ ዝርዝር አለው፤ ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ይታያል። ልጄ በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝ ጀመረ። ጂም፣ ተሰረዘ። የምግብ ዝግጅት፣ ተሰረዘ። ፕሪ አልጀብራ፣ ተሰረዘ፤ ከአልጀብራ ዋን በታች ያለ ሒሳብ አይቆጠርም። ከዚያ ሁለቱ የጀማሪ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች) ክፍሎች። «አባ፣ ኤ እኮ ነው ያመጣሁት» አለኝ። ዝርዝሩ ላይ የሉም። ኢኤስኤል ጭራሽ አይቆጠርም ማለቴ አይደለም፤ ደረጃው ከመደበኛው እንግሊዝኛ እኩል ከሆነ ሊጸድቅ ይችላል። የኛዎቹ አልነበሩም።

የተረፈው 9 ኮርስ ነው፣ አማካዩም 2.4። የሚፈለገው በጠቅላላው 16 ነው፦ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ሒሳብ፣ 2 ሳይንስ፣ 2 ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከሦስቱ ከመጀመሪያዎቹ አንድ ተጨማሪ፣ የቀሩት 4 ከነዚሁ ወይም ከውጭ ቋንቋና ከመሳሰሉት። አማካዩ 2.3 ይበቃል፤ እዚያ ላይ አልፈን ነበር። ያነቀን ሌላው ሕግ ነው። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። እነዚያን 10ሩን ደግሞ 12ኛ ከተጀመረ በኋላ ውጤት ለማሻሻል ብሎ መድገም አይሠራም።

አንድ ኮርስ ጎደለን። አንድ! በክረምት ኦንላይን አስመዘገብነው፣ በ9 ቀን ጨረሰው። ትምህርት ቤቱ ተቀበለ። ኤንሲኤኤ አልተቀበለም። ኦንላይን ትምህርት በራሱ ችግር የለበትም፤ ግን አስተማሪ ከተማሪው ጋር እየተገናኘ፣ በተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ መሆን አለበት። እየጫኑ የሚያልፉት ነገር አይሆንም። ያለዚያ ኮርስ የቀረለት፣ በመጀመሪያው ዓመት ስኮላርሺፕ አግኝቶ መለማመድ እንጂ መወዳደር የማይቻልበት መንገድ ነው። ኮቹ ይህን ሲሰማ ስልኩ ቀዘቀዘ። አልፈርድበትም፣ እሱም የሚሮጥለት ሰው ነው የሚፈልገው።

ልጄ ቀጣዩ ምድብ፣ ዲቪዥን ቱ ገባ። እዚያ የሚጠየቀው 2.2 ነው፤ የ10ሩ ሕግ የለም፣ የ4 ዓመቱም ገደብ የለም። ለልጅሽ ይህን በር ክፍት አድርገሽ ያዢ፣ እንደ ውርደት አትይው። ዲቪዥን ስሪ የአትሌቲክስ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ስለ ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) አትጨነቂ፣ ኤንሲኤኤ ከ2023 ጀምሮ መጠየቁን ትቷል፤ ኮሌጁ ራሱ ሊፈልግ ይችላል እንጂ።

ከገቡ በኋላም ቆጠራው አያልቅም። በዲቪዥን ዋን 2ኛ ዓመት ለመወዳደር 24 ክሬዲት፣ 3ኛ ዓመት ሲጀመር የዲግሪው 40 በመቶ፣ 4ኛው ላይ 60 በመቶ ያስፈልጋል። የጓደኛዬ ልጅ ከባዮሎጂ ወደ ነርሲንግ ስትቀይር ለአዲሱ ዲግሪ የማይሆኑ ኮርሶቿ ከቆጠራው ወጡባትና አንድ ሴሚስተር ሳትወዳደር ቀረች። ሰዉ ሁሉ ትውልደ ኢትዮጵያዊውን አሜሪካዊ ሯጭ ያሬድ ንጉሤን ይጠቅሳል፤ በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሻምፒዮን፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ነሐስ። ኖትር ዳም ባዮኬሚስትሪ መማሩን ግን ማንም አያነሳም።

ለማንኛውም፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ካለሽ ዛሬውኑ ደውዪ። የ9ኛ ክፍሉን ትራንስክሪፕት ማኅተም አስደርጎ፣ በፖስታ አሽጎ ይላክልሽ። ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ትሰጫለሽ፣ ሌላውን እንደታሸገ አስቀምጪው። እንዳትከፍቺው።