ከዋስትና በኋላ የቀጠለ እስርና በፖሊስ ጣቢያ የደረሰ ድብደባ፦ ለአንድ ታራሚ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጠያቂያችን በእህታቸው በኩል በላኩት ደብዳቤ እንደገለጹት፣ አምና ደቡብ ወሎ ውስጥ በስርቆት ተጠርጥረው በተያዙ ጊዜ ፍርድ ቤት በ5,000 ብር ዋስትና እንዲለቀቁ አዝዞ፣ ገንዘቡም በዕለቱ ገቢ ሆኖ ሳለ፣ ጣቢያው «አዛዡ ይምጣ» እያለ ለ6 ቀን አቆይቷቸዋል። በዚሁ መካከል ሁለት ፖሊሶች ሌሊት በዱላ ደብድበዋቸው የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ዛሬ በሌላ ጉዳይ ተፈርዶባቸው ማረሚያ ቤት ስለሚገኙ፣ ታራሚ ሆነው መክሰስ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ይችላሉ። በሌላ ወንጀል መቀጣትዎ ቀድሞ የተፈጸመብዎትን በደል አይሽረውም። ነገር ግን እስሩንና ድብደባውን ለይተው እንዲይዙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ማስረጃቸውም ተጠያቂያቸውም ሊለያይ ይችላልና።

እስሩን የሚያስረዳው ወረቀት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2040 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰውን ነፃነት ለአጭር ጊዜም ቢሆን መንካትን ጥፋት ያደርገዋል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ደግሞ ከሕግ ውጭ የሚያስርን የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ፍርድ ቤት ልቀቁ ያለውን ሰው ማቆየት ዳኝነትን መናቅ በመሆኑ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። የትእዛዙን ግልባጭና የገንዘቡን ደረሰኝ ያያይዙ፤ የጣቢያው የዕለት ሁኔታ መዝገብ እርስዎ እጅ ስለማይገኝ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ይጠይቁ።

ድብደባው ግን ቁስሉ በሻረ ቁጥር ማስረጃው ይሳሳል። እህትዎ፣ እርስዎ የታከሙበትን የካርድ ቁጥር ይዘው የሕክምና ማስረጃና የራጁን ውጤት ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስወጡ፤ አብረዎት የታሰሩትም ሳይበታተኑ ስማቸውና አድራሻቸው ይመዝገብ።

ተከሳሹን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 እና 2127 ወሳኝ ናቸው። ሠራተኛው በቅን ልቡና ሥልጣኑ መስሎት ለመንግሥት ጥቅም ያደረገው ከሆነ ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይቻላል፤ የግል ጥፋቱ ከሆነ ግን ራሱ ብቻ ይከፍላል። መሥሪያ ቤቱ «በራሳቸው ያደረጉት ነው» ብሎ እጁን መታጠቡ ስለማይቀር፣ ፖሊሶቹንና መሥሪያ ቤቱን በአንድ ክስ ያጣምሯቸው።

ለኅሊና ጉዳት የሚፈረደው ካሳ በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ይህ ጣሪያ ዛሬ ለተጎዳ ሰው የሚያሳዝን ነው። ስለዚህ ሸማኔ እንደመሆንዎ፣ እጅዎ መወርወሪያ መያዝ ባልቻለባቸው ወራት የቀረብዎትን ገቢና የሕክምና ወጪዎን በዝርዝር ያቅርቡ።

ፖሊሶቹ ሽማግሌ ልከውብኛል ላሉት፣ ሽምግልና ተከብሮ የኖረ ወግ ነው፤ ሆኖም «ይቅር ብያለሁ» የሚል ሰነድ ከፈረሙ የካሳ መብትዎ ሊቀር ይችላል፤ የወንጀሉን ክስ የሚይዘው ግን ዐቃቤ ሕግ ነው። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት (አንቀጽ 2143)፣ የወንጀሉ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይረዝማል ብለው ሳይዘናጉ ለእህትዎ ውክልና ይስጡ፤ የዳኝነት መክፈያ ካጡም በድሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድልዎት ያመልክቱ።