ዜማውን ሳይሆን ፊደሉን

ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን፣

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ልጆቹ ከሀ እስከ ፐ ገበታውን ሲወርዱት ክፍሉ ይናወጥ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ «ቤት» ብዬ ጻፍኩና ከሁሉም በላይ ድምጿ የሚሰማውን ልጅ አስነሳኋት። ዝም አለች። ከዚያ በጣቷ እየቆጠረች «በ ቡ ቢ ባ ቤ» ብላ ደረሰችበት። «ት» ላይ ስትደርስ ደግሞ ከ«ተ» ተነሳች፤ እዚያ እስክትደርስ «ቤ» ጠፋባት። ለካ ያስተማርኳት ዜማውን ነው።

የኔታዎች ይህን ከኛ በፊት ያውቁታል። ሀሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ ይገባል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲል የለመደው ቅደም ተከተል ይፈርስበታል፣ በዜማ ማምለጥ አይችልም።

እናንተም አፍርሱት። 231ዱ ሆሄ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ላ፣ ም፣ ሰ፣ ማ ብቻ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋችሁ ላም፣ ሰላም፣ ሰማ፣ ማማ ታስነብባላችሁ፤ ልጁ በዚያው ሳምንት ቤቱ ገብቶ «አነበብኩ» ይላል። ቃሉን ደግሞ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት። «ገና አልመጣም» እና «ገና ደረሰ» ላይ ጽሑፉ አንድ ነው፣ መጥበቅና መላላቱን የሚነግረው ትርጉሙ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ዝም ብለው አልከረሙም፤ ከጓደኞቻቸው ጋር አብረው ሲጮሁ ነበር። የጋራ ንባብ የማይችለውን ልጅ ይደብቀዋል።

ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው በጣቱ ይከተል። እናንተ በወንበሮቹ መሀል እየዞራችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ በቀን ስድስት ልጅ ለብቻ ስሙና ደብተራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል በ12 የትምህርት ቀን ይዳረሳል። አንዱ ሲደናቀፍ «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» የሚሉትን ዝም አሰኙና በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩለት። ብዙ ጊዜ ራሱ ያገኘዋል፣ ያን ጊዜ ፊቱን እዩት።

ነገ ጠዋት ከኋላ ወንበር ጀምሩ። ድምፃቸው ለብቻው ሳይሰማ ዓመቱ የሚያልቅባቸው እዚያ ያሉት ናቸው።