ጣሪያውን አይቼ ወረቀቱን ያላየሁበት ቤት

ልጆቼ፣

እኔ የቤት ኢንስፔክተር ነኝ። አዲስ አበባ ግንባታ ተምሬ፣ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ መጥቼ ጥቂት ዓመት ፓርኪንግ ሠርቼ፣ ከዚያ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ። ከ20 ዓመት በላይ ሰው ጣሪያ ላይ ስወጣ፣ ሰው ቤዝመንት ውስጥ ስንበረከክ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ አፓርታማ ወጥታችሁ አሽበርን፣ ውድብሪጅ፣ ጀርመንታውን ቤት ልትገዙ ስትሯሯጡ አያለሁ። ያው በፕላን የተሠሩት መንደሮች ናቸው። ቤቱ ሁሉ የሚመሳሰልበት፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የልጆች መጫወቻና የእግር መንገድ ያለበት። ደውላችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ጣሪያና ስለ ማሞቂያ ነው። እኔ ግን ወረቀት ላስነብባችሁ ነው የምፈልገው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ቤቴን ስገዛ ሙያውን ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ታውንሐውስ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት። አራት ሰዓት ሙሉ መረመርኩት። እንከን አጣሁለት። የመንደሩ ማኅበር ሰነድ ሲመጣልኝ ግን ከ200 ገጽ በላይ ነው። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ፈረምኩ።

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። ከቤቶቹ ጀርባ ያለው አፈር የሚደግፈው ግድግዳ አዘንብሏል፣ ማሠሪያ ገንዘብ የለም፣ እያንዳንዱ ቤት 4,300 ዶላር ያዋጣ ይላል። ተናድጄ ያንን ሰነድ ፈልጌ አወጣሁት። ቤቱን ከመግዛቴ ስምንት ወር ቀደም ብሎ በተጻፈ ቃለ ጉባኤ ላይ የግድግዳው ነገር ቁልጭ ብሎ ሰፍሯል። መሐንዲስ ጠርተው ሁሉ አሳይተውታል። ግድግዳ እያየሁ እንጀራ የምበላ ሰውዬ የራሴን ግድግዳ ሳላይ ገዛሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ ፊት ታነሳብኛለች።

ይሄ የመንደር ቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤችኦኤ ሲባል ብዙዎቻችን እንደ እድር እናየዋለን። መዋጮ አለ፣ ሊቀ መንበር አለ፣ ስብሰባ አለ፣ በየስብሰባው የሚጨቃጨቅ አንድ ሰውዬ አለ። ግን እድር ካልከፈላችሁ ቢበዛ ይሰርዛችኋል። ኤችኦኤ ካልከፈላችሁ ቤታችሁ ላይ እዳ ያስመዘግባል፤ ነገሩ ከከረረም ቤቱን እስከ ማሸጥ ሊሄድ ይችላል። ከእድር በፈለጋችሁ ቀን ትወጣላችሁ። ከዚህ መውጫው ቤቱን መሸጥ ብቻ ነው።

ሕጉ ግን አንድ በር ትቶላችኋል። ቨርጂኒያ ውስጥ የቆየ ቤት ስትገዙ የማኅበሩ ሰነድ ከደረሳችሁ ጀምሮ 3 ቀን አላችሁ። በእነዚህ ቀኖች ያለ ቅጣት ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ። ውሉ ላይ ከተስማማችሁ እስከ 7 ቀን ይረዝማል። ሜሪላንድ ውስጥ 5 ቀን ነው። አደራ፣ እነዚያን ቀኖች ሶፋ ስትመርጡ እንዳትጨርሷቸው። በ2021 ገበያው ሲጦፍ ስንት ልጅ ኢንስፔክሽኑን ትቶ፣ ሰነዱንም ሳይከፍት እንደገዛ እኔ ነኝ የማውቀው፤ በኋላ የሚደውሉት ለእኔ ነዋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁሉንም ገጽ አንብቡ አልልም፤ እኔም አላነበውም። ከቃለ ጉባኤው ጀምሩ፤ የመንደሩ ሐሜት ያለው እዚያ ነው። ማን እንደሚከሰስ፣ የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የቱ ተቋራጭ ገንዘብ ተቀብሎ እንደጠፋ ይነግራችኋል። ከዚያ የሪዘርቭ፣ ማለት የመጠባበቂያ ገንዘቡን ጥናት ክፈቱ። በሁለቱም ስቴቶች ማኅበራት በአብዛኛው በየ5 ዓመቱ እንዲያስጠኑ ይገደዳሉ። አስፋልቱ፣ ገንዳው፣ አጥሩ ስንት ዓመት ዕድሜ እንደቀራቸውና መቀየሪያቸው ስንት እንደሆነ ይዘረዝራል። ባንክ ካለው ገንዘብ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጎዶሎውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ መዋጮው ትንሽ ነው ብላችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ትንሽ መዋጮ ብዙ ጊዜ ማለት ማንም ለነገ አላስቀመጠም ማለት ነው። ታውንሐውስ መንደር ውስጥ ያለው መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመንግሥት አይደለም። በረዶ የሚያስጠርገውም አስፋልት የሚያለብሰውም ማኅበሩ ነው። የቤት ሽያጭ ኤጀንቱ «ሌክ ቪው» (የሐይቅ እይታ) እያለ የሚያሳያችሁ ኩሬም አብዛኛውን ጊዜ የዝናብ ውኃ ማቆያ ነው። ደለል ይሞላል። ደለሉን ማስወጣት በጣም ውድ ነው። ዳክዬዎቹ ግን ነፃ ናቸው።

ክፍያውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድን ውሰዱ። ጄምስ ራውስ የእርሻ መሬት ገዝቶ በ1967 የከፈታት ከተማ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እዚያ ክፍያው የሚሰላው በቤቱ ግምት ነው፤ ከግምቱ ግማሽ ላይ ለየ100 ዶላሩ 68 ሳንቲም። 500,000 ዶላር የተገመተ ቤት በዓመት 1,700 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ሮበርት ሳይመን በ1964 የመሠረታት ሬስተን፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ለሁሉም ቤት እኩል ታስከፍላለች። ነገር ግን እዚያ ታውንሐውስ የሚገዛ ሰው ለትልቁ ማኅበር ከፍሎ ለራሱ ሰፈር ትንሽ ማኅበርም ይከፍላል። ይሄንን ሁለተኛ ክፍያ ክሎዚንግ ላይ፣ የመጨረሻው ፊርማ ጠረጴዛ ላይ የሰሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ራውስን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰውዬው ኮሎምቢያን ያቀዳት ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን እንዲኖርባት ብሎ ነው። የቤት መድልዎን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ከ1947 ጀምሮ ኒውዮርክ አጠገብ በተሠራው ሌቪታውን ግን ነጭ ያልሆነ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳይኖር የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ ነበር። ያ አንቀጽም የተጻፈው እንደዛሬው የሣር ቁመትና የበር ቀለም ደንብ ረጋ ባለ ቋንቋ ነው። የመንደር ደንብ ሲሰጡኝ ሁሌ እሱ ትዝ ይለኛል።

አዲስ መንደር የምትገዙ ደግሞ ይሄን ያዙ። አብዛኞቹ ቤቶች እስኪሸጡ ማኅበሩ በገንቢው እጅ ነው። ገንቢው ቤት መሸጥ ስለሚፈልግ መዋጮውን ዝቅ ያደርገዋል። ለነዋሪው አስረክቦ ሲሄድ መዋጮው ይዘላል። ሽያጭ ቢሮው ውስጥ ቡና የምታቀርብላችሁ ፈገግተኛዋ ልጅም ደመወዟ ከገንቢው ነው፤ የራሳችሁን ኤጀንት ይዛችሁ ግቡ። አዲስ ቤት ኢንስፔክሽን አያስፈልገውም የሚላችሁን አትስሙ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ የሚሰጠው ዋስትና 1 ዓመት ነው፣ መሠረቱ 5 ዓመት። በ11ኛው ወር ኢንስፔክተር ጥሩና የተሰነጠቀውን ሁሉ አስጽፉ። በ13ኛው ወር የምትደውሉልኝ ከሆነ ማጽናናት ብቻ ነው የምችለው።

አሁን ደግሞ ፈረንጅ ኤጀንት ወደማይነግራችሁ ነገር ልምጣ። ፓርኪንግ።

እኛ ሰው የሚበዛብን ሕዝብ ነን። ክርስትና አለ፣ ኒካህ አለ፣ ማኅበር አለ። ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ ወዳጄ እናቱ አርፈው ሊያስተዛዝኑት የመጡ ሰዎች መኪና፣ ስድስቱ በአንድ ሌሊት ተጎትተው ሄዱ። ሰዉ ከለቅሶ ወጥቶ መኪና ፍለጋ ታክሲ ጠራ። ደንቡን ሳይ ለአንድ ቤት ሁለት ቦታ፣ ለእንግዳ በፈቃድ ወረቀት ብቻ ይላል። ስለዚህ ቤቱን እሁድ ከሰዓት ኦፕን ሐውስ ላይ አይታችሁ አትመለሱ። ቅዳሜ ማታ በእኛ 3 ሰዓት ሂዱና ስንት ባዶ ቦታ እንዳለ ቁጠሩ።

የሥራ መኪና ያላችሁም እንደዚሁ። ታክሲ፣ ቫን፣ ፉድ ትራክ ማሳደር የሚከለክል መንደር ብዙ ነው። ቤቷ ውስጥ ሕፃናት የምትጠብቅ እህት ካውንቲው ፈቃድ ቢሰጣትም የመንደሩ ደንብ ምን እንደሚል አስቀድማ ትይ። ቤዝመንቱን አከራይቼ ሞርጌጁን እደጉማለሁ የምትል ልጅም ጠይቅ፣ ያውም በጽሑፍ።

ስለ ቤዝመንት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እናታችሁን ከአገር ቤት አምጥታችሁ ልታስተኙበት ያሰባችሁት ክፍል መስኮት አለው? በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም፤ ሲከፈትም በአብዛኛው 5.7 ስኩዌር ፊት ክፍተት ይጠበቅበታል። ሻጩ «አራት መኝታ» ብሎ ከጻፋቸው ቤቶች ውስጥ አራተኛው ጓዳ የሆነባቸውን ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። በር ያለው፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ መውጫ የሌለው ጓዳ።

ከቤቱ ውጪም ተመልከቱ። መስኮቱ ፊት ያለው ጫካ የማን ነው? ላውደን ካውንቲ በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር በብዛት የተከማቸበት ቦታ ነው። ትናንት ሜዳ የነበረው ዛሬ መስኮት የሌለው ሕንፃ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል። ካውንቲው የዞን ካርታውን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፤ ማየት ነፃ ነው። ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ከሆነ የአውሮፕላኑን መስመር እዩ፤ በረንዳው ላይ ቆማችሁ ግማሽ ሰዓት አዳምጡ። ሲልቨር ላይን ባቡር በ2022 አሽበርን ደርሷል፣ ጥሩ ነው። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ግን ግሪንዌይ የሚባለውን የክፍያ መንገድ ቶል በወር ደምሩት። ለትምህርት ቤት ብላችሁ የምትገዙም የትምህርት ቤት ክልል እንደሚቀየር እወቁ፣ በተለይ በፍጥነት በሚያድግ ካውንቲ።

ስለ ቤቱ ስለ ራሱ አጭር ልሁን፣ ለዚያ ኢንስፔክተር ትከፍላላችሁ። ከ1978 እስከ 1995 በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ፖሊቡቲሊን የሚባል ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ ካለ የዋጋ ድርድር ጀምሩ፤ ሳይታሰብ የሚፈነዳ ነገር ነው። በ1980ዎቹ በተሠሩ ታውንሐውሶች እሳት እንዲቋቋም በኬሚካል የታከመ የጣሪያ ጣውላ ነበር። ሙቀት ሲበዛበት ጥንካሬውን ያጣል፣ አቲክ (ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍተት) ውስጥ ገብቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ራዶን የሚባለውን ከመሬት የሚወጣ ጋዝ አስለኩ። 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ከደረሰ ማስወጫ አስገቡ። ይኸው ነው።

ግድግዳው ምን ሆነ ብላችሁ ይሆናል። 4,300 ዶላሩን ከፈልኩ። ከዚያ በንዴት ለማኅበሩ ቦርድ ተወዳደርኩና ተመረጥኩ፤ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም። አሁን ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ለሽያጭ የወጣ ቤት ለመግዛት የተዋዋሉ ወጣት ባልና ሚስት፣ ሰነዱ በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን ማታ በሬን አንኳኩ። ገጽ 61 ላይ በቢጫ አስምረዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ እንደገና አዘንብሏል የሚለው እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። የሚቀጥለው ስብሰባ ማክሰኞ ማታ ነው፤ እነሱ ይምጡ አይምጡ ገና አላወቅሁም።