የባኦባብ ግንድ ቢበሳ ውሃ ይፈሳል?

ግንዱ እጅግ ስለሚወፍረው ባኦባብ ስለተባለው ዛፍ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የጥቂቶቹ መልስ ይኸው።

ጥያቄ፦ ከዘር ያበቀልኩት ባኦባብ ቅጠሉ ነጠላ ነው። በፎቶ የማየው ግን እንደ እጅ ጣት የተከፈለ ነው። ተሸውጄ ይሆን?

አልተሸወዱም። ለጋ ባኦባብ መጀመሪያ የሚያወጣው ነጠላ ቅጠል ነው። ባለአምስት ጣቱ ቆይቶ ይመጣል። ግንዱም ገና ቀጭን ስለሆነ፣ በዱር እንኳ ብዙ ሰው አጠገቡ ያልፋል እንጂ ባኦባብ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ቅጠሉ ረግፎ ባዶ እንጨት ቢቀር አይደንግጡ፤ ተኝቶ ነው። ያኔ አዝነው ውሃ ካበዙበት ሥሩ ይበሰብሳል። ውርጭ ግን እንዳይነካው፤ አይችለውም።

ጥያቄ፦ ግንዱን ብበሳው ውሃ ይፈሳል?

አይፈስም። ውሃው የተያዘው በርሜል ውስጥ እንዳለ ሳይሆን ስፖንጅ ውስጥ እንዳለ ነው። እንጨት ብሎ መጥራቱም ይከብዳል፤ ሞቶ ሲወድቅ ፈራርሶ የቃጫ ክምር ይሆናል። ዝሆኖች በድርቅ ጊዜ ልጡን ገሽልጠው እርጥቡን ያኝኩታል። ሌላ ዛፍ ቢሆን አልቆለት ነበር፤ ባኦባብ ግን ልጡን መልሶ ያበቅላል።

ግንዱ ውሃ ያፈሳል የሚለው ወሬ ግን ያለ ነገር አልመጣም። በሱዳን ኮርዶፋን ሰዎች የትልልቆቹን ግንድ ቦርቡረው በዝናቡ ወቅት ውሃ ይሞሉታል፤ በደረቁ ወራት እየቀዱ ይጠጣሉ። ውሃውን የከተተው ግን ሰው ነው።

ጥያቄ፦ እውነት 6,000 ዓመት ይኖራል?

ተጋኗል። የዕድሜ ቀለበቱ ደብዛዛ ስለሆነ ቆጥረው አይጨርሱትም፤ የሚለካው በራዲዮካርቦን፣ ማለትም እንጨቱ ውስጥ የቀረውን ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በመለካት ነው። ዚምባብዌ የነበረው ፓንኬ የተባለው ዛፍ 2,450 ዓመት ገደማ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳለው፣ ከ13ቱ የአፍሪካ አንጋፋ ባኦባቦች 9ኙ በ12 ዓመት ውስጥ ሞተዋል ወይም ዋና ግንዳቸው ወድቋል። ተመራማሪዎቹ የአየር ንብረት ለውጥን ጠርጥረዋል።

ጥያቄ፦ የማዳጋስካሮቹ ለምን ሜዳ ላይ ተገትረው ይታያሉ?

ሜዳው የመጣው በኋላ ነው። ከ8ቱ የባኦባብ ዝርያዎች 6ቱ የሚገኙት እዚያች ደሴት ላይ ብቻ ነው። ሞሮንዳቫ ከተማ አጠገብ ያለው ዝነኛው የባኦባብ ጎዳና ድሮ ጫካ ነበር። ጫካው ሲመነጠር ባኦባቦቹ ቀሩ። ዙሪያቸው የሩዝ ማሳና የከብት መዋያ ሆነ፤ ችግኝ በምን አቅሙ ይደግ? ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ፎቶ እኔን የሚያስጨንቀኝ ለዚህ ነው። ደግመው ሲያዩት ትልልቆቹን ይተዉና ከሥራቸው ይፈልጉ። ነጠላ ቅጠል ያለው ቀጭን ነገር ካገኙ ይጻፉልኝ።